ሐላሉን ምግብ በምን ዕቃ እናበስለዋለን?

 

የሻዕባን ወር ሊያልቅ ሲል በእኛ በቀየትም ሆነ በዙሪያው ባለው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አገር በሙስሊም ቤቶች ዘንድ የታወቀ ሥራ አለ። ድስቱ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ የወተቱ ቅል በወይራ ይታጠናል። እናቶችና እኅቶች የድስቱን ሆድ በአመድና በሽቦ መስታወት እስኪመስል ድረስ ይፍቁታል። የጎደለ ዕቃ ካለም ከገበያ ይገዛል። ይህ ሁሉ ለጾመኛ የሚደረግ ዝግጅት ነውና ኒያው ካማረ ምንዳ አለው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ዕቃ ልናወያያችሁ ወደድን፤ ምን ዓይነቱን እንምረጥ? እንዴትስ እንጠበው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሰዎችን በሙሉ በምድር ካለው ሲሳይ ሐላልም ጠይብም የሆነውን እንዲበሉ አዟል። ሁለት ቃል ነው የመጣው። ሐላል ማለት ሸሪዓ የፈቀደው ነው፤ ጠይብ ማለት ደግሞ ንጹሕ፣ መልካም፣ ገላን የማይጎዳ ማለት ነው። ስለ ሐላሉ እኛ ሙስሊሞች አልሐምዱሊላህ ጠያቂዎች ነን። ሥጋውን ማን አረደው? ቢስሚላህ ተብሏል ወይ? ገንዘቡ ከየት መጣ? እያልን እንመረምራለን። ጠይቡን በተመለከተ ግን ጥያቄው ከእህሉና ከሥጋው አልፎ እስከ ድስቱ መድረስ አለበት።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ለጉልቻው እውነት ነው፤ ጉልቻ ከወጡ ጋር አይነካካም። ድስቱ ግን ወጡን አቅፎ ይቀቅለዋል፤ ከገላውም ለወጡ ያካፍለዋል። የሚያካፍለው አንዳንዱ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ይጎዳል።

ድስት ለወጡ የሚሰጠው

የሚጠቅመውን የሚያሳይ በገዛ አገራችን የተሠራ ጥናት አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 «ላንሴት» በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ 407 ሕፃናት ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ ቤተሰቦች የጥቁር ብረት ድስት፣ ለከፊሎቹ የአልሙኒየም ድስት ተሰጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናብራራ። በተለምዶ «ብረት ድስት» የምንለው ነጩ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። ጥቁር ብረት ስንል ግን የሚከብደውን፣ የሚዝገውን፣ ማግኔት የሚይዘውን ማለታችን ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ በጥቁር ብረት የተበሰለ የበሉት ሕፃናት የደም ማነሳቸው ቀንሶ፣ ዕድገታቸውም ተሽሎ ተገኘ። በደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በአማካይ በ1.7 ግራም ለዴሲሊትር ሲጨምር፣ በአልሙኒየም የበሉት ግን የጨመሩት 0.4 ብቻ ነበር። ይህን ልዩነት ያመጣው ድስቱ ነው።

የሚጎዳውን ደግሞ እንመልከት። በብዙ አገሮች አሮጌ የሞተር ዕቃ፣ የመኪና ራዲያተር፣ ቆርቆሮና ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት አንድ ላይ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ላይ እየፈሰሰ ድስት ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ጎረቤታችን ኬንያን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአልሙኒየም ማብሰያዎችን መርምሯል። ኮምጣጤ የተቀላቀለበት ውኃ ለሁለት ሰዓት ሲፈላባቸው ከ42ቱ 15ቱ እርሳስ ለቀቁ። ከእነዚህም አንዱ ምርመራው ሲደጋገም የሚለቀው እርሳስ ይበዛ እንጂ አይቀንስም ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2025 ከውጭ የሚገቡ አንዳንድ የአልሙኒየምና የነሐስ ማብሰያዎች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

እርሳስ ስንል የተማሪውን መጻፊያ አይደለም፤ ለብየዳና ለመኪና ባትሪ የሚያገለግለውን ከባዱን ማዕድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ በግልጽ ተናግሯል። ሕፃን ከትልቅ ሰው አራትና አምስት እጥፍ አብልጦ ወደ ሰውነቱ ይመጥጠዋል፤ አእምሮውንና የትምህርት ችሎታውን ይጎዳበታል። በእናት አጥንት ውስጥ ተከማችቶ በእርግዝና ጊዜ ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ዛሬ በልቶ ዛሬ የሚታመም የለም። ስለዚህም ነው ማንም ድስቱን የማይጠረጥረው።

ጾመኛን በተለይ የሚመለከት ነገር ደግሞ አለ። ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ይልቅ እርሳስን እጅግ አብዝቶ ይመጥጣል። አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል የጾመ ሰው በተምርና በውኃ አፍጥሮ ቀጥሎ የሚያነሳው ትኩስ ሾርባ ነው። ያ ሾርባ የተሠራበት ድስት እንግዲህ ከሌላው ወር ይልቅ በረመዳን ሊታሰብበት ይገባል። በደሙ ውስጥ የብረት ንጥረ ነገር ያነሰው ሕፃንም እርሳስን ይበልጥ ይመጥጣል። ቀደም ብለን ያነሳነው ጥቁር ብረት ጥቅሙ ድርብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መስታወት የመሰለ ድስት

በአገራችን የሴት ሙያ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ የድስቷ ብልጭታ ነው። እንግዳ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቀው ድስት ይታያል፤ «ባለሙያ ናት» ትባላለች። ይህ ምስጋና መልካም ልማድ ቢመስልም በአልሙኒየም ዕቃ ላይ ግን ጉዳት አለው። አልሙኒየም አየርና ውኃ ሲነካው በላዩ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ በውስጡ ደብዘዝ ወይም ጠቆር ብሎ የሚታየው ይኸው ነው። ይህ ሽፋን እድፍ አይደለም፤ ድስቱ ወደ ወጡ እንዳይሟሟ የሚከላከል ጋሻ ነው። በሽቦ፣ በአሸዋና በአመድ ስንፍቀው ጋሻውን ገፈን ራቁቱን የቀረ ብረት ላይ ቲማቲም እናቁላላበታለን ማለት ነው።

ስለዚህ የአልሙኒየም ድስት በለስላሳ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ፣ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ያረረበት ከሆነ ውኃ ሞልቶ ትንሽ አፍልቶ ማሳደር ነው፤ በማግሥቱ በእንጨት ማማሰያ ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል። አዲስ የተገዛውን ደግሞ ምግብ ከመሥራት በፊት ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማፍላትና መድፋት ሽፋኑን ያበጅለታል። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ፤ ማፍላት የሚቀንሰው አልሙኒየሙን ነው። ከውስጥ እርሳስ የተቀላቀለበትን ድስት ማፍላትም ማጠብም አያጠራውም።

በዚህ ዕቃ ውስጥ ጎምዛዛ ነገር አይቆይ። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ እርጎ፣ የቦካ ሊጥ የአልሙኒየም ጠላቶች ናቸው። ሊጡ በቡሃቃ ወይም ለምግብ በተሠራ ባልዲ ይቦካ። ከኢፍጣር የተረፈው ወጥም ለሱሑር ሲባል በድስቱ ውስጥ አይደር፤ ወደ ሸክላ፣ ወደ ብርጭቆ ወይም ወደ ማይዝግ ሳህን ይገልበጥ። ለሱሑር ሲሞቅም እስኪንተከተክ ድረስ ይፍላ።

የድስቱን ውጪ ከጥላሸት ለማዳን መፋቅ ከሚያደክም ይልቅ፣ ወደ እሳት ከመውጣቱ በፊት ውጪውን ብቻ በቀጭን ጭቃ ወይም በሳሙና መቀባት ነው። ሲወርድ ጥላሸቱ ከቅቡ ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ለኩበትና ለባሕር ዛፍ እሳት ይህ ዘዴ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከገበያ ስንገዛ

ወደ መሐል ሜዳም እንውጣ፣ ወደ ደብረ ብርሃንም እንሂድ፣ ወይም ሜርካቶ እንግባ፣ ሻጩን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ድስት ከምን ተሠራ? ሁለተኛ፣ የት ተሠራ? ወፍራም፣ ሸካራ፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትና ስሙ ያልተጻፈበት የቀለጠ ድስት ከምን ብረት እንደቀለጠ በዓይን አይለይም። ምርጫ ካለን ለሾርባና ለሕፃን ገንፎ አንግዛው።

የማይዝገው ብረት፣ ገበያ ላይ «ስቲል» የሚባለው፣ ዋጋው ከበድ ይላል፤ ግን ጎምዛዛውንም ጨዋማውንም ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። አንዳንዶች በማግኔት ይፈትኑታል። ማግኔት አልያዘውም ማለት ግን ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ጥሩ ከሚባለው ስቲል ማግኔት የማይዘው አለ። ከሦስት ስስ ድስት አንድ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ስቲል ይሻላል። ሲያር በውኃና በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ማፍላት ይበቃዋል። ጨው የሚጨመርበት ውኃው ከፈላ በኋላ ቢሆን ውስጡ አይነቃቀስም።

የማያጣብቀው መጥበሻ፣ ቴፍሎን የምንለው፣ ለእንቁላልና ለለስላሳ ነገር ምቹ ነው። ሁለት ሕግ አለው። ባዶውን ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድም፤ ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ቅቡ መበላሸትና መርዘኛ ጭስ ማውጣት ይጀምራል። በብረት ጭልፋና በሽቦም አይነካም። ቅቡ ከተላጠ አገልግሎቱ አብቅቷል።

ጥቁር የብረት ምጣድ ወይም ድስት ያላችሁ አትጣሉት። ዝገቱን አስለቅቆ፣ አጥቦ፣ እሳት ላይ በደንብ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። በእርጥቡ ከተቀመጠ ተመልሶ ይዝጋል፤ ይህንን ስንፍና ካሸነፍነው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አሁን ወደ ሸክላ እንመለስ። የድሃ ዕቃ እየተባለ ወደ ጓዳ የተገፋው ምንቸትና የሸክላ ድስት ለብዙ ቤተሰብ መልሱ ነው። በሌሎች አገሮች የሸክላ ዕቃ እርሳስ የሚኖርበት ከላዩ በሚያብረቀርቀው ቅብ ምክንያት ነው። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ያንን ቅብ አይጠቀሙም፤ አፈሩን ጠፍጥፈው፣ አለስልሰው፣ በእሳት ተኩሰው ነው የሚያወጡት። ጎምዛዛውን ምግብ አይፈራም፤ ሙቀትም ይዞ ይቆያል። አንዲት እናት በድርስ ላይ «ሸኻችን፣ ያለኝ አንድ የቀለጠ ድስት ብቻ ነው፤ ልጣለው እንዴ?» ብላ ብትጠይቀን መልሳችን ይህ ነው፦ አትሸበሪ። ለልጆችሽ ገንፎና ለኢፍጣሩ ሾርባ አንድ ምንቸት ግዢ፤ ከገበያው ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። በቀለጠው ድስት ውኃ አሙቂበት፣ ልብስ እጠቢበት፣ ለዶሮሽም ሆነ ለወተት ላምሽ ግን አትመግቢበት፤ እንቁላሉንና ወተቱን የምንበላው እኛው ነንና። እንዲህ ሲሆን ንብረት ማባከንም አይሆንም።

ሸክላ የራሱ አያያዝ አለው። አዲሱ በደንብ ይሟሽ፤ ምጣዱ በጎመን ዘር፣ ጀበናው በቡና አተላ። ሸክላ ውኃ የሚጠጣ ዕቃ ነውና ሳሙናውንም ይጠጣል፤ ስለዚህ በሙቅ ውኃና በንጹሕ ጭራሮ ወይም ጨርቅ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ።

ሸክላን ካነሳን ሸክላ ሠሪዋን ማንሳት ግድ ይለናል። በአዲስ አበባ ከቀጨኔ ጀምሮ በብዙ የአገራችን ቦታ ምጣዱንና ጀበናውን የሚያበጁት ሴቶች ናቸው። ምጣዷን ገዝተን፣ በምጣዷ ጋግረን በልተን፣ እሷን ደግሞ በዓይን ትበላለች እያልን ስም ስንሰጥ ኖረናል የሚል ወቀሳ በማኅበረሰባችን ላይ አለ። ይህ በዲናችን ቦታ የለውም። ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ እንጀራ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ የአላህ ነቢይ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ዋጋዋን ሳናቆረቁዝ እንክፈላት፤ ስሟንም እንጠብቅላት።

ሦስት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ውኃና ዘይት አይያዝበት። ትኩስ ወጥና ትኩስ ዘይት በስስ ፌስታል አይቋጠር። የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ ወይም ድስት ሲበየድም ብየዳው በእርሳስ እንዳይሆን እንጠይቅ፤ የተለመደው የቆርቆሮ ብየዳ እርሳስ አለበት። ማስጠገን በራሱ የተወደደ ነገር ነው፤ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመጠጫ ዋንጫ በተሰነጠቀ ጊዜ ስንጥቁ በብር እንደታሠረ ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። የተሰበረን አክብሮ መያዝ ሱና ከሆነ፣ የሚታሠርበትን መምረጥ ደግሞ ማስተዋል ነው።

ለደገኛ የሚሆን ድስት

በደጋ አገር ባቄላና ሥጋ ለምን እንደሚያስቸግር ብዙዎች ይጠይቃሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ብናበዛው ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ክዳኑ የሚቆለፈውና በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ለዚህ ይረዳል፤ ኩበትና እንጨትም ይቆጥባል። ለሱሑር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለምትነሳ እናት የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ሊተርፍላት ይችላል።

ነገር ግን ጥንቃቄ የሚሻ ዕቃ ነው። ጥራጥሬ ሲበስልበት ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ አረፋውና ልጣጩ የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋልና። ከእያንዳንዱ ማብሰል በፊት ያቺ መውጫ ቀዳዳ ወደ ብርሃን ተይዛ ትታይ። ክዳኑ ውስጥ ያለው ጎማ ወልቆ ይታጠብ፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ይለወጥ። እንፋሎቱ ሳያልቅ ክዳኑን በጉልበት መክፈት ፊትን ያቃጥላል። ለመግሪብ አዛን ደርሷል ብሎ መቸኮል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ተምርና ውኃ እስኪከፈት ያቆያል።

መብራት በደረሰበት ቤት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይለኛ ዕቃ ነው፤ 3,500 ዋት ገደማ የሚስበው በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይወስዳል። ይህንን ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ አይሸከመውም። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ፣ የሚሸት ወይም የጠቆረ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይጋገር። የመሬት ሽቦው መገናኘቱ ይረጋገጥ፤ እጅ እርጥብ ሆኖ ምጣዱ ቢነዝር ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ምጣዱን፣ ስቶቩንና ማንቆርቆሪያውን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አለመደራረብ ነው።

የሚወለወለው ተነቅሎና ቀዝቅዞ ነው፤ ውኃ አይደፋበትም። የጭማቂ መፍጫው ብሌንደር ከምላጩ ሥር ያለው ጎማ የተረሳ ቦታ ነው፤ የትናንቱ የአቮካዶ ጭማቂ እዚያ ይሻግታል። በየቀኑ ሞቅ ያለ ውኃና ጠብታ ሳሙና ጨምሮ ማዞር፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜም ፈትቶ ማጠብ ይገባል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የውኃው ኖራ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ባለበት ውኃ አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ በደንብ ማለቅለቅ ያስለቅቀዋል። ፔርሙዙም ክዳኑ ተፈትቶ ይታጠብ፤ ሽታ የሚይዘው ክዳኑ ላይ ነው።

ጦሃራውስ?

በሸሪዓ ዕቃ ጠራ የሚባለው የነጃሳው አካል፣ ጣዕሙ፣ ቀለሙና ሽታው በውኃ ሲወገድ ነው። ሽቦ መስበር፣ እጅ መላጥ አልተጠየቅንም። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ ከእነሱም አንዱ በአፈር እንዲሆን በሐዲስ መጥቷል። ውሻ ባለበት የገጠር ግቢ ድስት ውጪ ማሳደር ስለዚህ ሥራ ያበዛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ማታ ዕቃ እንዲከደን፣ ሌላ ቢጠፋ እንኳ እንጨት አግድም እንዲጋደምበት አዘዋል። አክምባሎውን ከምጣዱ ላይ፣ ክዳኑን ከእንስራው አፍ ላይ አለመለየት እንግዲህ ሱናም ጤናም ነው። የታጠበ ዕቃ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ተመልሶ ይቆሽሻል፤ የማድረቂያው እራፊ በየቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ይምታው።

የተዋስነው ድስትም ጥያቄ ያመጣል። በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ነው፤ ሰርግ ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ የዕድር ድስት ከቤት ቤት ይዞራል። አቡ ሠዕለባ (ረ.ዐ) የተባሉ ሰሐባ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ዕቃ ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ሌላ ካገኙ በሌላው እንዲበሉ፣ ካላገኙ ግን አጥበው እንዲጠቀሙ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ድስት በደንብ ታጥቦ ይሠራበታል፤ ጎረቤትን የሚያስቀይም ንግግር አያስፈልግም። ረመዳንና ሁዳዴ በሚገጥሙበት ዓመት ደግሞ እኛ የምናውሰው ድስት ቅቤና ሥጋ እንዳይሸት አጥርተን ማዋስ የእኛ ፈንታ ነው። ባለ አማና ዕቃውን ከወሰደው አሳምሮ ይመልሳል።

ማን ይጠበው?

ይህን ሁሉ የምናወራው ስለ ድስት ቢሆንም ከድስቱ ጀርባ ሰው አለ። ከዙሁር በኋላ እሳት ላይ የተቀመጠች እናት መግሪብ ሲደርስ ሁሉን አስፈጥራ እሷ በመጨረሻ ትቀምሳለች። ወንዶቹ ለተራዊሕ ስንወጣ እሷና ሴት ልጇ ከዕቃ ክምር ጋር ይቀራሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን በማገልገል ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሶላት እንደሚወጡ ተናግረዋል። የአላህ መልዕክተኛ ያላፈሩበትን ሥራ የቀየት ወንድ ሊያፍርበት አይገባም። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለው ጊዜ አባትና ወንድ ልጅ ድስቱን አጥበው ለመድፋት ይበቃል፤ እሷም ውዱእ አድርጋ በሰዓቷ ትሰግዳለች።

ለመስጂድ ኢፍጣር ዕቃ ልትሰጡ ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶችም አንድ አደራ አለን። ከቤታችሁ የተላጠ መጥበሻና ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ድስት ለሰደቃ አትምረጡ፤ አላህ ራሳችን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ነገር እንዳንመጸውት በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ ከልክሎናል። አምስትና ስድስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ትልቅ የስቲል ድስት ቢገዛ ብዙ ረመዳን የሚያገለግል ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆናል። ከዚያ ድስት የሚቀዳውን ሾርባ መንገደኛው፣ ተማሪውና የቲሙ በባዶ ሆዳቸው የሚጠጡት ነው።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልም ጠይብም ያድርግልን፤ ልጆቻችንን ከሚታየውም ከማይታየውም ጉዳት ይጠብቅልን፤ ጾማችንን፣ ሶላታችንንና ለጾመኛ የደከሙትን እናቶች ሥራ ይቀበለን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ረመዳን ሙባረክ!